ምንም የማይነኩ እጆች

ሁለት እጆች… ከደረት ፊት ለፊት የተነሱ፣ ከክርናቸው ውሃ የሚንጠባጠብ።

ለጸሎት አይደለም የተነሱት፤ ለልመናም አይደለም። ታጥበዋል፤ ስለዚህ ምንም አይነኩም፣ ምንም አይነካቸውም።

የሲስተር ውድነሽ ናቸው እጆቹ። በቀዶ ጥገናው ክፍል ለሐኪሙ መሣሪያ ታቀብላለች። መቀስ ሳይባል መቀስ፣ ክር ሳይባል ክር… ዓመት ከዓመት። ቤቷ ስትገባ እንኳ በሩን በትከሻዋ ነው የምትገፋው፤ ቧንቧውን በክርኗ ነው የምትዘጋው። ጎረቤት ይስቃል። እሷም ትስቃለች። እጆቿ ግን ምንም አይነኩም…

ድካም ከየት ይገባል?

ይህን ነበር ያን ቀን ማወቅ የፈለገችው። ተተኪዋ ስላልመጣች ከትናንት ጀምሮ ቆማለች። ከእግር እንዳይባል፣ እግሯ ከደነዘዘ ቆየ። ከዓይን እንዳይባል፣ ዓይኗ ተገልጧል፤ ክሩን ያያል፣ መርፌውን ያያል። ከየት ይገባል ታዲያ? በጓሮ በኩል፣ ውሻው ሳይጮህ…

ጠረጴዛው ላይ ወላድ ተኝታለች፤ ብዙዓለም። የደነዘዘችው ከወገቧ በታች ነው፤ ሁሉን ትሰማለች። ልጇ ወጥቷል፣ አልቅሷል። የቀረው መስፋት ነው።

ውድነሽ ዓይኗን ጨፈነች… ገለጠች።

ቀኝ እጇ አገጯ ሥር ነበር፣ ጭምብሏ አጠገብ።

ነክቷል? አልነካም? ማንም አላየም። እጇ ያውቃል፤ እጇ ግን አይናገርም።

«ክር» አለ ዶክተር ናሁሰናይ፣ መዳፉን ዘርግቶ።

ክሩ በእጇ ነው። ብትሰጠው ማን ያውቃል? ብዙዓለም ታውቃለች፤ ቤቷ ከገባች በኋላ፣ ቁስሉ ካመረቀዘ…

«ዶክተር፣ ከእጄ አይቀበሉ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ጭምብሌን ሳልነካ አልቀረሁም።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እና?»

«ችግሩ አለማየቴ ነው እኮ።»

በዚያ ክፍል የተጠረጠረ ሁሉ ቆሻሻ ነው።

«እንደ ጋሪ ፈረስ ቆመሽ ተኛሽ በይኛ!» አለች ሲስተር ዘነቡ፣ ከዳር ሆና ዕቃ የምታቀርበው። ሳቀች፤ እየሳቀች ግን ወደ መታጠቢያው ፈጠነች። «በይ ውጪ፣ እኔ እገባለሁ።»

ሐኪሙ ቁስሉን በንጹህ ፋሻ ተጭኖ ቆመ። «አዲስ ዕቃ ክፈቱ» አለ።

ውድነሽ ጓንቷን አወለቀች። ወረዱ እጆቿ። የት እንደምታደርጋቸው ግራ ገባት…

«ሲስተርዬ፣ አንቺ ነሽ የደከመሽ?» አለች ብዙዓለም ፊቷን ከቁስሉ ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ።

«እኔ ነኝ።»

«ነይ እስቲ አጠገቤ። እኔም ፈርቻለሁ።»

በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ብዙዓለም እጆቿን ፈልጋ ያዘቻቸው።

«ውይ፣ ይንቀጠቀጣሉ!»

ውድነሽ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። እውነትም ይንቀጠቀጣሉ። ከመቼ ጀምሮ? እግሯን ስትፈትሽ፣ ዓይኗን ስትፈትሽ… ድካሙ እዚህ ነበር ለካ፣ ሁሉን ያውቃሉ ባለቻቸው እጆች ውስጥ።

አልሰበሰበቻቸውም።

ሁለት እጆች… ከደረት የወረዱ፣ በሌላ ሴት መዳፍ ውስጥ የሚንቀጠቀጡ።