የጣት ደም

አባቴ ቄስ ዘርአ ዳዊት በፍልሰታ ጾም ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳለ ወደቀ። ዲያቆናቱ ጠበል ረጩበት። ለማስቀደስ መጥታ የነበረች ነርስ ደርሳ ድዱ ላይ ማር ባትቀባለት ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ስልክ ተደውሎልኝ አንኮበር እስክደርስ ነፍሴ አልነበረችም።

ስደርስ ነቅቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ምን አድርጎ እንደሆነ ስጠይቀው የነገረኝ ነገር ይበልጥ አሳዘነኝ። አባዬ ስኳር አለበት። በየጠዋቱ ጣቱን ወግቶ እንዲለካ፣ ኢንሱሊኑን ወስዶ ሳይቆይ እንዲበላ ደጋግሜ አስረድቼዋለሁ። ነገር ግን ደም የፈሰሰው ካህን በዚያ ቀን መቅደስ አይገባም፤ እህል የቀመሰም እንዲሁ። በፍልሰታ ደግሞ በየቀኑ ይቀደሳል፤ የሚያልቀውም ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሳይለካና ሳይበላ መርፌውን ብቻ ይወጋ ነበር፤ መርፌው ደም አያወጣም፣ የልጄንም ቃል አላፈረስኩም ብሎ። እኔንም እግዚአብሔርንም ያላስቀየመ መስሎት ነበር።

ሳይበሉ መወጋት እንደሚገድል በግልጽ ነገርኩት። ሰማኝና እንግዲያው ከነገ ጀምሮ መርፌውን እተወዋለሁ አለ። ለቅዳሴ ሁለት ቄስ ያስፈልጋል፤ አባዬ የሚያገለግልበት ደብር ያለውም ሁለት ብቻ ነው። እሱ ከቀረ ቅዳሴ የለም።

«ከመቅደስ ከቀረሁ ምኑን ኖርኩት?» አለኝ።

መልስ አጣሁ ብል ውሸት ነው። መልስማ ሞልቶኝ ነበር፣ ያውም ክፉ ክፉው። ዋጥ አድርጌው ወደ ንስሐ አባቱ ወረድኩ። አባ ገብረአማኑኤል ከታች ባለው፣ ካህናት በማይጠፉበት ደብር የሚያገለግሉ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። የሄድኩት ልጣላቸው ነው። ቁልቁለቱን ስወርድ የምናገረውን እየደረደርኩ፣ ሃይማኖታችሁ አባቴን ሲገድለው ቆሜ አላይም ልላቸው ቆርጬ ነበር።

እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ሳይበላ ቢወጋ ይሞታል ወይ፣ መርፌውን ቢተውስ? ሁለቱም ይገድሉታል፣ ሁለተኛው ትንሽ ቀስ ብሎ ነው አልኳቸው።

«እኔ ጹም አላልኩትም፣ ልጄ» አሉ። «መታመሙንም አልነገረኝም።»

ለካ ከመቅደስ ያስቀሩኛል ብሎ ፈርቶ ደብቋቸዋል። ያን ሁሉ ቁጣ የማወርድበት ሰው አጣሁ። ጾሙ እስኪፈታ ይለካ፣ ይብላ፣ እኔ አዝዤዋለሁ በይው አሉኝ። ቅዳሴውስ ብላቸው አልመለሱልኝም።

በማግስቱ ማለዳ አባዬ ትእዛዙን አክብሮ ጣቱን ዘረጋልኝ፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለካሁት፣ ወጋሁት፣ በሶ በጥብጬ አቀረብኩለት። አፉ ድረስ ወስዶ መልሶ አስቀመጠው። ዛሬ በእኔ ምክንያት መቅደሱ ተዘግቶ ይውላል አለና አለቀሰ። መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል፤ ሰዓቱ ይሄዳል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ እምቢ አለ። የፈለግኩት ሁሉ እንደ ቃሌ ሆኖልኝ አባቴ ፊቴ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

በሩ ተንኳኳ። አባ ገብረአማኑኤል ያን ዳገት ወጥተው፣ ነጠላቸው በጉም ርሶ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ገቡ። አባዬ አፍሮ የበሶውን ጣሳ ከኋላው ሸሸገ።

«አውጣውና ጠጣ» አሉት። «በአንተ ቦታ እኔ እቀድሳለሁ። ጾሙንም እኔ እጾምልሃለሁ።»

አባዬ መስቀላቸውን ተሳልሞ፣ እንባው ጣሳው ውስጥ እየወረደ፣ በሶውን ጠጣ። አባም እስኪጨርስ በር ላይ ቆመው ጠበቁትና ወደ ቤተ ክርስቲያን አቀኑ። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ በየማለዳው ያን ዳገት ወጡ።