ለቅሶ በአውሬ አፍ

ቆንጂትን ጉድ ያደረጋት ለፊልም አልቅሺ ስትባል የእውነት ሙሾ ማውረዷ ነው። ታዲያ ምን ታድርግ? አስመስሎ ማልቀስ ማን አስተማራት!

ነገሩን ያመጣችው የወንድሟ ልጅ ቤዚ ናት። ቤዚ አንድ የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ልብስ ክፍል ትሠራለች። ፊልሙ የካውቦይ ነው፤ ግን የዛሬ ካውቦይ፣ ፈረሱን በፒክአፕ ጭኖ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ ከብት የሚጠብቅ። በዚያ ላይ አስፈሪ ነገር ጨምረውበታል፤ ከደረቀ ጉድጓድ አውሬ እየወጣ ካውቦዮቹን አንድ በአንድ ይበላቸዋል። አሸዋ በከባድ መኪና አስጭነው ቶሮንቶ መሀል በረሃ ሠሩላችሁ። የጠገበ ሰው ምን የማይሠራው አለ!

"አክስቴ፣ ልጇ የሞተባት እናት የምትሆን ሴት ይፈልጋሉ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ነይ" አለቻት ቤዚ። ቆንጂት ሠላሳ ዓመት የኖርዝ ዮርክን ቢሮዎች ስታጸዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በዕድሯ ደግሞ እሷ ያልተገኘችበት ለቅሶ ለቅሶ አይመስልም ይባላል። እሺ ብላ ሄደች።

እዚያ ስትደርስ ዳይሬክተሩን፣ ግሬም የሚሉትን ባለቀይ ጢም ሰውዬ፣ "ለማን ነው የማለቅሰው? ስሙ ማነው?" አለችው።

"ዝም ብለሽ በቋንቋሽ አልቅሺ፤ ስም አያስፈልግም" አላት።

ስም አያስፈልግም! የሟች ስም ካልተጠራ፣ ደግነቱ ካልተነሣ ምኑን ለቅሶ ሆነ? ጩኸት ነው እንጂ። ከራሷ ስም ፈጥራ እንዳትጠራ ደግሞ፣ ያ ስም ያለው ሰው የሆነ ቦታ በሕይወት ቢኖርስ? በቁሙ ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ስለዚህ በእርግጥ የሞተውን፣ የገዛ ሰዋን አነሣች። ስንታየሁን፤ ወንድሟን፣ የቤዚን አባት፣ ከሦስት ዓመት በፊት የቀበረችውን። ታክሲ ሹፌር ነበር፤ አገሩን የማያውቅ አዲስ መጤ ሁሉ ከኤርፖርት በነጻ የሚያመጣ።

ለሰው ሁሉ ደራሽ፣ ለሰው ሁሉ መንገድ፣
ምነው ስንታየሁ ብቻህን መንጎድ?

እያለች ደረቷን ስትመታ ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ እንኳ ዓይኑን ጠረገ። ቤዚ ያን ሰዓት ልብስ ክፍል ስለነበረች አልሰማችም።

ከአራት ወር በኋላ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት ለሠራተኞቹ አሳዩ። ቆንጂትም ጸጉሯን ተሠርታ፣ ከሰፈሯ ከሪጀንት ፓርክ በስትሪትካር፣ በከተማው የመንገድ ባቡር፣ መጥታ ከቤዚ ጎን ተቀመጠች። ራሷን ለማየት ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ የለችም። አውሬው መጣ፤ ቆዳው የተላጠ፣ ቀንዳም፣ ከመንጋጋው ደም የሚንጠባጠብ። አፉን ሲከፍት የወጣው የቆንጂት ድምፅ ነው። "ምነው ስንታየሁ!" እያለ የአንዱን ካውቦይ አንገት ገነጠለ። ሰዉ በድንጋጤ ጮኸ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀ።

ቤዚ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ዳዲ?" አለች።

ያቺን ቃል ስትሰማ ቆንጂት ደሟ ፈላ። መብራቱ እስኪበራም አልጠበቀች፤ ተነሥታ ግሬም ፊት ተገተረች። "የወንድሜን ስም ለአውሬ ሰጠኸው? አታፍርም?" አለችው።

ግሬም መጀመሪያ አልገባውም። "ፊልሙ ስለረዘመ ያንቺ ቦታ ተቆረጠ። ድምፅሽ ግን በጣም ያስፈራል፣ መጣል አልፈለግንም። ደግሞ ማን ይገባዋል?"

"ማን ይገባዋል? ዳንፎርዝ ሰፈር ያለው ሐበሻ ሁሉ ይገባዋል! ታክሲው ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ይገባዋል! ይቺ ልጁ ናት፣ እሷ ይገባታል! ያንተ ቋንቋ ካልሆነ የሰው ቋንቋ አይደለም እንዴ?"

"ውሉን ሳይን አድርገሻል እኮ።"

"ሳይን ያደረግሁት እናት ልሆን ነው! አውሬ ልሆን አይደለም!"

ግሬም ጢሙን አሻሸ። ፊልሙን ዓርብ ማስረከብ አለበት፤ ድምፁ ከወጣ አውሬው ዲዳ ሊሆንበት ነው። "እሺ፣ ሌላ ስጪኝ" አላት በመጨረሻ። "እንደዚህኛው ካስፈራ ይኼን አጠፋዋለሁ። ካላስፈራ ይቀራል።"

እዚያው ድምፅ መቅጃ ክፍል አስገብተው ማይክ ፊት አቆሟት። አሁን የማንን ስም ትጥራ? የግሬም ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ደግሞም የእጁን ነው፣ ማን አባቱ ስረቅ አለው! ቤዚም ገብቷት "አክስቴ፣ የእሱን ስም ጥሪ!" አለች በንዴት። ቆንጂት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ምንም ቢሆን እናት አለችው፤ እናቱ ምን አደረገች? ወይስ የሞቱትን እናቷን ከአውሬው አፍ ትክተት? አያድርስ! የቀራት አንድ ስም ነው።

የሰው ፎቅ ወልውላ ላለቀው ጉልበቷ፣
አልቅሱ ለቆንጂት ሳይደርስ ሰዓቷ!

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ሠላሳ ዓመት የዋጠችው ሁሉ ወጣ። ስሟን ሳይጠይቁ "የጽዳቷ ሴትዮ" ሲሏት የኖሩትን፣ ገና በወለወለችው ላይ በጭቃ ጫማ የሚያልፉትን፣ ዛሬ ደግሞ ለቅሶዋን የሰረቋትን ሁሉ በየተራ አነሣች። ግሬም ከመስታወቱ ጀርባ በደስታ ዘለለ። "ከበፊቱ ይበልጣል! ምንድን ነው የምትለው?" ብሎ ቤዚን ጠየቃት። ቤዚ ግን እያለቀሰች ነበር።

ቆንጂት ወጥታ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመች። ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም። ድምፅ ቀጂው ስንታየሁ ያለበትን ሁሉ እየፈለገ ሲያጠፋ እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ስትሪትካር ሲጠብቁ ቤዚ ክንዷን ያዘቻት። "አክስቴ፣ በቁምሽ ለራስሽ አለቀስሽ እኮ! ሰው ሲሰማ ምን ይላል?"

"የፈለገውን ይበል!" አለች ቆንጂት፤ ንዴቷ ገና አልበረደም። "እኔ አፍ አለኝ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እመልሳለሁ። አባትሽ ግን ምን ብሎ ይመልስ?"