ክሎቪስ ሽጉጥ ሲመርጥ

የቤተ ክርስቲያናችን ምዕመን ስልሳ አንድ ነው። እኔ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ከወጣቶቹ እቆጠራለሁ። ቤተ ክርስቲያኗ በቴክሳስ ምዕራብ፣ ጥጥና ንፋስ ብቻ በሚበቅልበት ሜዳ ላይ ለብቻዋ የቆመች ናት። በአርባ ዓመት ውስጥ የደረሰባት ትልቁ ጥቃት ከኦርጋኑ ውስጥ የወጣ የተርብ መንጋ ነው። ሁለተኛው በሐምሌ ሙቀት ደጅ የዋለ የድንች ሰላጣ ሲሆን፣ እሱ እንኳ አሥራ አንድ ሰው አልጋ ላይ ጥሏል። የሆነ ሆኖ ጠባቂ ቡድን አለን፤ ሦስት ወንድ፣ ሦስት ሽጉጥ። ተርቡም ሰላጣውም በነሱ ፊት አልፈው ነው የገቡት።

የቡድኑ አለቃ ሃርላን ታኬት ይባላል። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ የውኃ ፓምፕ ይሸጣል። እግዚአብሔር ይባርከውና የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ኪሱ የበዛ ሰደርያውን ለብሶ ሲንጎራደድ ያየው ሰው ግን ከሦስት ጦርነት የተመለሰ ይመስለዋል። ሁለተኛው ሮይስ ፔቲግሩ፣ ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ሦስተኛው የኔ ታናሽ ወንድም ክሎቪስ ነው፤ እሱ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው።

ስለ ክሎቪስ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ልጆቼ፤ ይህን ካላወቃችሁ ቀሪው ሁሉ ቀልድ ይመስላችኋል። ሚስቱ ኤርሊን ከሞተች ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ እሱ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። እሁድ ብቻ ተነሥቶ ይላጫል፣ ቦት ጫማውን ይወለውላል፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በሩ ላይ ይቆማል። ሁሉንም በየስማቸው ተቀብሎ ያስገባል። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ከከተማ እንደመጣ፣ ማን ሁለት እሁድ እንደቀረ ከፓስተሩ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ያንን በር ከነጠቁት እሁዱንም ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል። ያኔ ምን እንደሚተርፍ እኔ እህቱ አውቃለሁ።

ታዲያ ሃርላን በየካቲት አዲስ ደንብ ይዞ መጣ። ባለ ሽክርክሪት የድሮ ሽጉጥ ቀረ አለ። ክሎቪስ ደግሞ የሚይዘው ከአባታችን የወረሰውን እሱኑ ነበር፤ ምላጩን ከመሳብ ሌላ ጣጣ የለውም። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ጠባቂ አነስ ያለ፣ ኮት ሥር የሚደበቅ፣ ራሱን በራሱ የሚያጎርስ፣ "ደረጃውን የጠበቀ" ሽጉጥ ይገዛል። ወሩ ሲያልቅ ቅዳሜ ከሃርላን ጎተራ ጀርባ ፈተና አለ፤ የጥይት ካርታውን ከተው፣ አቀባብለው፣ በሰባት እርምጃ ርቀት አምስት ጥይት ይተኩሳሉ። ያላለፈ ሰው "የክብር አባል" ይሆናል።

የክብር አባል ማለት ደረቱ ላይ ባጅ ለጥፎ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ሽማግሌው ሚስተር ኦትስ በጥቅምት የክብር አባል ሆነ፣ ለገና ቀበርነው። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እኔ ባጁ ነው እላለሁ።

ክሎቪስን ወደ ለስተር ሱቅ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለስተር በከተማችን የጦር መሣሪያ የሚሸጥ ሐቀኛ ሰው ነው። ሁለት ሽጉጥ አውጥቶ አራስ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ አጋደማቸው።

"ይሄኛው ጀርመን ሠራሽ ነው፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር። ይሄኛው እዚሁ ቴክሳስ አንድ ሰው በእጁ የሠራው ነው፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ።"

"ልዩነታቸው ምንድነው?" አልኩት።

"ሰባት መቶ ዶላር" አለ ለስተር። ሐቀኛ ነው ብያችኋለሁ።

ሽጉጥ ሲቀባበሉ ሥርዓት አለው። ሻጩ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ባዶ መሆኑን አሳይቶ፣ እንደተከፈተ ይሰጣል። ተቀባዩ ይዘጋና ራሱ ደግሞ ስቦ ያረጋግጣል። ይህን የማያደርግ ሰው እጁን ሳይታጠብ ማዕድ እንደቀረበ ይቆጠራል። ክሎቪስም የጀርመኑን ተቀብሎ ዘጋ። ከዚያ ሊስብ ጀመረ። የጣቶቹ አንጓዎች ነጭ ሆኑ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ብረቱ የጥፍር ያህል ተነቃነቀና ተመልሶ ተከደነ። ለስተር ለሮይስ ጥይት ከመደርደሪያ ሊያወርድ ፊቱን አዙሮ ስለነበር አላየም። እኔ አየሁ።

ክሎቪስ ሽጉጡን ቀስ ብሎ ጨርቁ ላይ መለሰው። "የለም" አለ። "ድምፁ ደስ አላለኝም።"

"ድምፁ?"

"ያጉረመርማል።"

ለስተር አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገው። "ይሄኛውስ?"

ክሎቪስ የቴክሳሱንም ያዘ፣ እንደዚያው ሞከረ፣ እንደዚያው መለሰው። "ይሄ ደግሞ ችኩል ነው።"

ለስተር በሠላሳ ዓመት የሱቅ ኑሮው ሽጉጥ ችኩል ነው ያለው ሰው አጋጥሞት አያውቅም። ጥይት ሊገዛ የቆመው ሮይስ ባርኔጣውን አወለቀ።

እሁድ ሲደርስ ወንድሜ ሊቅ ሆኖ ነበር። ከጸሎት በኋላ አዳራሽ ውስጥ በጭስ የበሰለ የበሬ ሥጋ ቀርቦ፣ ሥጋውን የነካው የለም፤ ወንዱ ሁሉ ክሎቪስን ከቦታል።

"ወንድም ክሎቪስ፣ አንተ ብትሆን ጀርመኑን ነው የቴክሳሱን?"

"እኔ ምኑን አውቄ" አለ ክሎቪስ፣ ከልቡ።

"አየህ ትሕትናውን!" አለ ሮይስ። "ለስተር ሁለቱን አስነካው፤ በአንድ ደቂቃ ሁለቱንም ጣላቸው። አንዱ ያጉረመርማል አለው፣ በጆሮዬ ሰማሁ!"

"የኔን ባየህልኝ" አለ ሃርላን፣ ሦስት ሺህ ዶላር ስላወጣበት ሽጉጥ። "መሳቡ ላይ ምን ይመስልሃል?"

ክሎቪስ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት አሰበ። "ለሱ እጅህን ነው መጠየቅ" አለ።

ሃርላን ስልኩን አውጥቶ ጻፈው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ለስተር ሱቅ ሦስት ጊዜ ሄድን፤ ክሎቪስ ስድስት ሽጉጥ ጣለ። አንዱ ትከሻው ሰፊ ነው፣ አንዱ ለባለቤቱ አይታመንም፣ አንዱ ደግሞ "ያዘነ" ነው ተባለ። ከሦስተኛው ጉዞ ወደ ቤት ስንመለስ የመኪናውን መሪ ይዤ፣

"አንተ ክሎቪስ" አልኩት።

"አቤት፣ እቴ።"

"ማቀባበል አቅቶህ ነው አይደል?"

የጥጥ መዳመጫውን አለፍን።

"ኤርሊን የሞተች ሰሞን ጀመረኝ" አለ ኋላ። "መጀመሪያ አውራ ጣቴ ነበር። አሁን አሥሩንም ቁርጥማት ይዞታል።"

"የሸሚዝህን ቁልፍ እንዴት ትቆልፋለህ ታዲያ?"

"የኛ አገር ሰው ሸሚዝ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ቁልፍ አለው እንዴ? ጫን ካሉት ጠቅ ብሎ ይዘጋል። በዚያ ነው ሳይታወቅብኝ የኖርኩት።"

"ለሃርላን ንገረው።"

"ነግሬው ባጅ ይለጥፍልኝ?"

"ምን ይሻላል ታዲያ?"

"እግዚአብሔር ያውቃል፣ ኔል።"

"እግዚአብሔር ሽጉጥ አያቀባብልልህም።"

አልሳቀም። እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ያያቸው ነበር። የማሽሟጥጠው ልማዴ ሆኖብኝ ነው፣ ልጆቼ።

ሐሙስ ዕለት ክሎቪስን አስከትዬ ለስተር ሱቅ ገባሁ። "ለስተር፣ ለኔ የምትሆን ሽጉጥ አምጣልኝ" አልኩት።

"ለእርስዎ፣ ወይዘሮ ኔል?"

"ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ማንንም አልገደልኩም። ጊዜው እያለፈብኝ ነው።"

ለስተር እኔን አየኝ፣ ከዚያ የወንድሜን እጆች አየ። ሞኝ አይደለም። ምንም ሳይል ጓዳ ገባና ትንሽ ሣጥን ይዞ ወጣ። "ሞላዋ ለስላሳ ነው" አለ። "ሳቢው ብዙ ጉልበት እንዳያወጣ ብለው ነው የሠሯት። አራት መቶ ሃምሳ ዶላር።"

ከፈተው። ልጆቼ፣ እጀታዋ ፈዛዛ ወይን ጠጅ ነው። የፋሲካ እንቁላል ቀለም።

የላይ ብረቷን ሳብኩት፤ እንደ መሳቢያ መጣልኝ። "ያዝልኝማ" ብዬ ለክሎቪስ ሰጠሁት። ሳበው። ብረቱ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ጠቅ አለ። ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ደገመው። ፊቱ ላይ የመጣውን ደስታ ከኤርሊን ቀብር ወዲህ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ዓይኑ ቀለሟ ላይ አረፈ።

"ጥቁር የለም?"

"ጥቁሯ በስድስት ሳምንት ትመጣለች።"

"ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው" አልኩ እኔ።

ክሎቪስ ሦስቱን ጎን ለጎን አስደረደራቸው፤ የጀርመኑ፣ የቴክሳሱና ይህቺ። "እቴ፣ ይህችን ይዤ ሃርላን ፊት ልቁም? ሕዝቡ ሊቅ ነው እያለኝ?"

"የሁለት ሺህ ስድስት መቶውን ይዘህ ብትቆም ታምራለህ። እሱም ያምራል። ሁለታችሁም አትተኩሱም።"

"ሮይስ እስኪሞት ይስቅብኛል።"

"ይሳቅ። ባጅ ለጥፈህ ከኋላ ተቀምጠህስ? በሩን ትፈልጋለህ ወይስ ጥቁሩን?"

ለስተርም ደግነቱ፣ ምንም ያልቆሸሸ መስታወት ይወለውላል።

"በሩን" አለ ክሎቪስ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሃርላን ጎተራ ጀርባ፣ የወረቀት ዒላማው በአፈር ቁልል ፊት ተተክሎ ጠበቀን። መጀመሪያ ሃርላን ተኮሰ። አራቱ ወረቀቱን መቱ፤ አምስተኛው የላሞቹን የውኃ ገንዳ በሳው። "ንፋስ ነው" አለ። ለዒላማው ሳይሆን ለሽጉጡ ዋጋ አዘንኩ።

"ሮይስ፣ ተራህ ነው" አለ ሃርላን።

"እኔ ለጊዜ ቁጠባ ብዬ ቤት አቀባብዬ ነው የመጣሁት" አለ ሮይስ።

"አይሆንም፣ እዚህ በፊታችን ነው።"

"እንግዲያው ቅድሚያ ለባለሙያው" ብሎ ሮይስ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ክሎቪስ ወደ ፊት ወጣ። ኮቱን ገለጥ አድርጎ አወጣት። የየካቲት ፀሐይ እጀታዋ ላይ አበራ። የገንዳው ውኃ ይንጠባጠባል።

"ወንድም ክሎቪስ" አለ ሃርላን፣ "ይህ... ምንድነው?"

ወንድሜ ፊቱ ቀላ። ይዋሻል ብዬ ጠበቅሁ፤ ስድስት ሽጉጥ በውሸት የጣለ ሰው ሰባተኛው አይቸግረውም። እሱ ግን፣ "ሌላውን መሳብ ስለማልችል ነው" አለ። "ቁርጥማት ነው። ያጉረመርማል፣ ችኩል ነው ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው። ጣቴ ነው እምቢ ያለኝ።"

ሃርላን ለአፍታ አየው። ከዚያ ወደ ሮይስ ዞሮ፣ "ሰማህ? ይህ ነው ትልቅ ሰው!" አለ። "ውድ ሽጉጥ በመግዛታችን እንዳናፍር በጣቱ አሳበበልን። ወንድም ክሎቪስ፣ ቀጥል!"

ክሎቪስ አቀባበለ። አምስት ተኮሰ፣ አምስቱም ወረቀት ላይ አረፉ።

ሮይስ ተጠግቶ፣ "እስቲ ልዋስህ" አለ። "የባለሙያ ምርጫ ምን እንደሚመስል ልየው።" ተቀብሎ ሳበ። ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ፊት ላይ ያየሁትን ቅዳሜ ሮይስ ፊት ላይ አየሁት፤ ያው ራሱ። ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ መሪ የያዘ እጅ ነው፣ ምን ይደንቃል። የሮይስን ሽጉጥ እቤት የሚያቀባብልለት አብሮት የሚኖረው አማቹ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

"ሚዛን!" ብሎ ጮኸ ሮይስ። "ሚዛን ማለት ይህ ነው!" በተዋሳት አምስት ተኩሶ አምስቱንም መታና አለፈ። ሰኞ ዕለት ለስተርን ያችኑ ዓይነት፣ በዚያው ቀለም አዘዘው፤ ጥቁር እስኪመጣ ጠብቅ ቢባል፣ ባለሙያው የመረጠው ይህን ነው ብሎ እምቢ አለ። ያስገረመኝ የሃርላን ነው። ጣቱ ጤነኛ ነው፣ ከፓምፕ መፍቻ ጋር ሲታገል የሚውል ሰው ነው። እሱም አዘዘ። ለቡድኑ አንድ ዓይነት መሣሪያ ያስፈልጋል ብሎ ደብዳቤ ሁሉ ጻፈ።

በሁለተኛው እሁድ ንፋሱ ቀጥ ብሎ ከሜዳው ይመጣ ነበር። ክሎቪስ በሩን በጀርባው ደግፎ፣ ተላጭቶ ቆሟል። የኮክ ኬኬን ይዤ ስገባ፣

"እቴ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ለሃርላን ዛሬ ጠዋት ደግሜ ነገርኩት። በእውነት ጣቴ ነው፣ ትሕትና አይደለም አልኩት።"

"ምን አለህ?"

"ያን ቀንም ገብቶኝ ነበር አለኝ። አባቱም በመጨረሻ ማንኪያ መያዝ አቅቷቸው ነበር።"

"ታዲያ ለምን ያችን ገዛ?"

"ቀለሙን አንተና ሮይስ ብቻችሁን እንዳትሸከሙት ብዬ ነው አለኝ።"

ኬኩን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ሃርላን ከመኪና ማቆሚያው ዳር፣ ያን ሰደርያ ለብሶ፣ በባዶ ሜዳው ላይ ጠላት ይፈልጋል። ይህን ሰው ስንት ዓመት ስስቅበት ኖሬያለሁ። ከኬኩ ትልቁን ቁራሽ ለሱ ልቆርጥለት ወሰንኩ። ሰደርያው ግን አሁንም ያስቀኛል፤ ያ አይቀርም።

"ክሎቪስ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ቆይኝ፣ እቴ" አለ፣ በሩን እንድይዝለት እያመለከተኝ። "የነወይዘሮ ቢያትሪስ መኪና ገባ። ሁለት እሁድ ቀርተዋል።" ብሎ ደረጃውን ወረደ።