መጣሁ ብላ የሄደችው

መክሊት አምባው ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ጠዋት ከደሴ ተነሥታ ወደ ሆላንድ ሄደች። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ደሴ እቤቷ ገባች። የሄደችው አልተመለሰችም፤ የገባችውም አልሄደችም። ሁለቱም ግን መክሊት ነበሩ።

ጥፋቱ የአንድ ቃል ነው። ሩቅ የሚሄድ ሰው «ደህና ሁኑ» ይላል፤ ተስሞ፣ ተመርቆ ይወጣል። መክሊት ይህን ታውቃለች። አባቷ አቶ አምባው ግን ከፋሲካ ወዲህ ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ነበሩ። የልብስ ሰፊ ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ ያለ ሥራ ተዘርግተዋል። የሁለት ወሩን የክረምት ትምህርት ከውሃ ምህንድስና ተማሪዎች መካከል ተወዳድራ ስታገኝ፣ ሂጂ ያሏት ራሳቸው ናቸው። እኔ የትም አልሄድ፣ ስትመለሺ እዚሁ ታገኚኛለሽ ብለዋታል።

በሩ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ፊታቸውን አየች። «ደህና ሁን» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ስለዚህ ሱቅ ሳሙና ልትገዛ እንደምትወጣ ልጅ ሆነች።

«አባዬ፣ መጣሁ» አለች።

«ቶሎ ነይ» አሉ።

መጣሁ ያለ ሰው መምጣት አለበት። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና መክሊት ገባች። ሻንጣ አልያዘችም። ዝናብ ስለነበር ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል። ወንድማቸውን ሊያስታምሙ ከሐይቅ የመጡት አክስቷ እትዬ ስንዱ ቀና ብለው አዩአትና፣ አልሄድሽም እንዴ አሏት። ስወጣ መጣሁ ብዬ የለም ወይ ብላ መለሰች። እትዬ ስንዱ አሰቡበት፤ ልክ ሆኖ አገኙትና ሽንኩርቱን አቀበሏት።

በዚያ ሰዓት ሌላዋ መክሊት ቦሌ ተሰልፋ ፓስፖርቷን እያሳየች ነበር። ምንም አልተሰማትም።

በማግስቱ መድረሷን ልትናገር ደወለች። ስልኩን እትዬ ስንዱ አነሱ። መክሊትን ከሆነ ጓዳ ጎመን እየከተፈች ነው፣ ማን ልበላት አሏት። እስቲ አገናኙኝ አለች መክሊት። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማት፤ ከዚያ የራሷ ድምፅ መጣ።

«ማን ልበል?»

«መክሊት ነኝ።»

«እኔም።»

መስመሩ ጥሩ ስለነበር የቤታቸው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማል። ሆላንድ ፀሐይ ነበር። እዚያ ይህን ወቅት በጋ ይሉታል።

«አባዬ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው። አጥሚት ቀመሰ።»

«የጠዋቱ ክኒን ከምግብ በፊት ነው።»

«አንቺ የምታውቂውን ሁሉ አውቃለሁ» አለች ሌላዋ። ድምፅዋ ክፋት አልነበረውም።

እውነቱን ለመናገር፣ መክሊት መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። ክፍሏ ከአንድ ብስክሌት መሸጫ በላይ ነበር። በየጠዋቱ በውሃ ቦይ ዳር አልፋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። መምህሩ ከባሕር በታች ያለ መሬት እንዴት ደርቆ እንደሚቆይ ያስተምሯቸው ነበር። ውሃ ቦታ አይረሳም፣ የነበረበትን ሁሉ ዞሮ ይፈልጋል ይሏቸዋል። መክሊት ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ውጤቷም ጥሩ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ግን በየቀኑ ትደውላለች። ሌላዋ አባቷን እንዳጠበቻቸው፣ ጥፍራቸውን እንደቆረጠችላቸው፣ ደጅ ወንበር አውጥታ ፀሐይ እንዳስሞቀቻቸው ትነግራታለች። አንድ ቀን እትዬ ስንዱ ስልኩን ተቀብለው ቀለዱባት።

«ይቺኛዋ ሳትጠራ ትነሳለች። አንቺ እኮ ሦስቴ ካልጠሩሽ አቤት አትዪም ነበር።»

በቀልዳቸው ራሳቸው ሳቁ። መክሊትም ሳቀች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ምሳዋን መብላት አቃታት።

ከአባቴ ጋር አገናኙኝ ስትል አቶ አምባው እምቢ አሉ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ በስልክ ከማን ጋር ነው የምታነጋግሩኝ ብለዋል አሏት እትዬ ስንዱ። ይህም ልክ ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ መክሊት የትምህርቱን አስተባባሪ ሄዳ አነጋገረች። ኢነኬ የምትባል ረጅም፣ ሰው የምታዳምጥ ሴት ናት። አባቴ ታሟልና ቀድሜ ልመለስ አለቻት። ኢነኬ በጣም አዝና፣ አጠገቡ የሚያስታምመው ሰው የለም ወይ ስትል ጠየቀች። መክሊት መዋሸት አልቻለችም።

«እኔ አለሁ» አለች።

ኢነኬ እጇን ትከሻዋ ላይ አኖረች። እንዲህ ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም፣ ትምህርትሽን ጨርሺ አለቻት።

ማታውን ለሌላዋ፣ ለማንኛውም እመጣለሁ ብላ ነገረቻት። ሌላዋ በእርጋታ አስረዳቻት። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው አስጠንቅቋል። ሁለት መክሊት በአንድ በር ሲገቡ ቢያዩ ልባቸው አይችልም። ከመጣሽ አንዳችን መውጣት አለብን፣ የምወጣው እኔ ከሆንኩ ደግሞ አባዬ እኔን መፈለጉ አይቀርም አለች።

ነሐሴ አሥራ ስምንት ቀን ሌላዋ ራሷ ደወለች። ከዚያ በፊት ደውላ አታውቅም። ሐኪሙ አቶ አምባውን ከእንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ ብሎ መልሷቸዋል።

«ላናግረው» አለች መክሊት።

«ምን ልትዪው?»

«እውነቱን።»

ሌላዋ አልተከራከረችም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አኖረችላቸው።

መክሊት የምትለውን ሃምሳ ቀን ሙሉ አዘጋጅታዋለች። አባዬ፣ ልጅህ እኔ ነኝ፤ አጠገብህ ያለችው ቃሌ ናት ልትል ነበር። ሳያውቋት እንዳይሞቱ ነው የፈለገችው። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

«ሃሎ» አሉ አቶ አምባው። ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኗል።

«ሃሎ።»

«ድምፅሽ የልጄን ይመስላል። ማነሽ አንቺ?»

መክሊት አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ግን ቀደሟት።

«ልጄን ፈልገሽ ከሆነ እዚሁ አለች። እጇን ይዣለሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ውጭ አገር ልትሄድ ነበር። ሂጂ አልኳት። ከአንገት በላይ ነበር ያልኳት። ለካ ገብቷት ኖሯል፣ ቀረችልኝ።»

ከመስኮቱ በታች አንድ ሰው የብስክሌት ጎማ ይነፋ ነበር። መክሊት ነፍቶ እስኪጨርስ ጠበቀች።

«ጓደኛዋ ነኝ፣ ጋሼ» አለች። «እንዴት እንዳሉ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ደህና ይሁኑ።»

ቃሉ ጉሮሮዋን ሳይጭራት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለላትም፤ እሷም አልደወለችም። ዘመድ ሲሞት ሩቅ ላለ ልጅ መርዶ ይነገረዋል፤ ሽማግሌዎች ማልደው በሩን ያንኳኳሉ። መርዶ ግን የሚነገረው በቦታው ላልነበረ ሰው ነው። መክሊት ነበረች። የምስክር ወረቀቷን በተቀበለችበት ቀን ራሷ ስትደውል፣ እትዬ ስንዱ ድምፃቸው ተዘግቶ አገኘቻቸው። ትናንት ቀበርነው እኮ አሏት።

«አንቺም ነበርሽ። እንዳንቺ ያለቀሰ ማን አለ?»

ደሴ የደረሰችው በሥልስቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ድንኳኑ ገና ቆሟል። የሰፈሩ ሴቶች አዩአትና፣ ልጅቱን ትመስያለሽ፣ ዘመድ ነሽ እንዴ አሏት። መክሊት ለአባቷ አንድ ጊዜ ጓደኛዋ ነኝ ብላለች፤ ስለዚህ ጓደኛዋ ነበረች። ከዚያን ያህል አገር ለለቅሶ መምጣቷን አመስግነው ከእንግዶቹ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። አንዲት ሴት ንፍሮ በእፍኟ ሰጠቻት። መክሊት ፍሬውን አንድ በአንድ በላች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ግን እንግዳ ከቤተኛ በላይ አያለቅስም።

ሰው ሲሳሳ ወደ ውስጥ ገባች። ሌላዋ ጥቁር ለብሳ የአባታቸው አልጋ ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ከስታለች። መክሊት የከሳችው እሷ ስላልሆነች አፈረች።

«እግዜር ያጽናሽ» አለች።

«አንቺንም።» ሌላዋ ቦታ ለቀቀችላት።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከቆይታ በኋላ ሌላዋ የቀኝ እጅጌዋን ሰበሰበች። የእጇ አንጓ ላይ አራት የጣት ጉድጓዶች ነበሩ፤ በሌላው በኩል ደግሞ የአውራ ጣት። ቆዳው በጉድጓዶቹ ዙሪያ ነጣ ብሏል፤ አሁንም አጥብቆ እንደተያዘ ሥጋ ይታያል። የሚይዝ እጅ ግን የለም።

«አልለቀቀኝም» አለች።

«ሲቀበርም?»

«ሲቀበርም።»

ጉድጓዶቹ የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ ቀስ እያሉ ጠበቅ ላላ ይሉ ነበር። መክሊት አየቻቸው። ከዚያ የራሷን እጅጌ ሰብስባ፣ አንጓዋን ከሌላዋ አንጓ ጋር አስጠግታ፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ አኖረችው። ውጭ ድንኳኑን ለማፍረስ ካስማ ይነቅሉ ጀመር።

የማይታዩት ጣቶች ላላ አሉ። መጀመሪያ ትንሹ ተነሣ፣ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያ ሁለቱ። የሌላዋ ቆዳ ሞልቶ ልሙጥ ሆነ። መክሊት ጠበቀች። ጣቶቹ ጥቂት ቆዩ፤ የሚፈልጉት ነገር ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ ተመልሰው እዚያው የነበሩበት የሌላዋ እጅ ላይ ጠበቅ አሉ።