ሳትሞቅ እንድትደርስ

ሰው የሚነሳ መኪና ይገፋል? መምህር ኃይለኢየሱስ ግን ገፋ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ የሆሳዕና ብርድ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ሚስቱን ሰብሌን መሪው ላይ አስቀምጦ ከኋላ ተደፍቶ ይገፋ ጀመር።

ምን ያድርግ! መኪናዋን የሸጠላቸው የሰብሌ ታላቅ ወንድም ወንዳፈረው ነው። ከዱባይ አስመጥቶ፣ አራት ወር ራሱ ነድቷት፣ «ለእህቴ ካልሆነ ለማን ልትሆን!» ብሎ ሰጣቸው። መኪናዋ ታዲያ ጠዋት ስትነሳ መከራ ናት፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ታስላለች፣ ልትጠፋ ትደርሳለች። ከሞቀች በኋላ ማን ይችላታል! ካንዴላ ተቀየረላት፣ የቤንዚን ማጣሪያ ተቀየረላት፣ ያው ናት። ለወንዳፈረው ሊያሳየው ሁለቴ ይዟት ሄደ፤ ሁለቴም ደጁ እስክትደርስ ሞቃ ጭጭ አለች።

«ስሜን ልታጠፋ ነው እንዴ የመጣኸው!» ብሎ ወንዳፈረው ተቆጣ፤ ከዚያ ወዲህ የእህቱን ደጃፍ አልረገጠም። ሰብሌም ፊቷን አጠቆረች። በርግጥ የኃይለኢየሱስም ጥፋት አለበት። ሚስቱን ብርድ እንዳይመታት እያለ ሁልጊዜ መኪናዋን አሙቆ ነው የሚጠራት፤ ስትንቀጠቀጥ አንድም ቀን አላየቻት።

«ዛሬ ወንድሜ ደጅ ካልተንቀጠቀጠች» ብላው ነበር ከቤት ሲወጡ፣ «እሁድ ሽማግሌ ይዘህ ወንድሜን ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

«እጠይቃለሁ» አለ። በልቡ ግን፦ ይቺ ጉደኛ ዛሬ ደህና ሆና ብታዋርደኝስ?

«መምህር፣ ምነው በማለዳ?» ሱቁን ይከፍት የነበረው ፈትሁዲን ሮጦ መጥቶ ትከሻውን ሰጠ። ወደ መናኸሪያ የሚሄዱ ሁለት ተሸካሚዎችም ተጨመሩ።

«እህቴ፣ ሁለተኛ አስገቢና ፍሪሲዮኑን ልቀቂው!» አለ አንዱ።

«እንዳትለቂው!» ኃይለኢየሱስ ጮኸ። «እንዳትነሳ ነው የምንገፋት!»

ሰዎቹ ተያዩ። «ያ አላህ! መምህር፣ አሞሃል እንዴ?» አለ ፈትሁዲን። መግፋቱን ግን አልተወም፤ ደግ ሰው ነው።

ፀሐይ ወጥታ ኮፈኑ ላይ አረፈች። ኃይለኢየሱስ እየሮጠ ሄዶ ኮፈኑን ዳሰሰ፣ ተመልሶ ገፋ፣ ደግሞ ሄዶ ዳሰሰ። «አንቺ ደግሞ ዛሬ ትንሽ ብትዘገዪ ምን አለበት!» አላት ፀሐይን። ሰብሌ በመስታወቱ እያየችው ከንፈሯን መጠጠች።

ደረሱ። ወንዳፈረው ጋቢውን እንደለበሰ በሩን ከፍቶ ቆመ፤ ሰላምታም የለ።

«አስነሺያት» አለ ኃይለኢየሱስ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ሰብሌ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ ተነሳች፤ ወዲያው መሪው በእጇ ላይ ይርገፈገፍ ጀመር። ሞተሩ ትን እንዳለው ሰው ያስላል፣ ጸጥ ሊል ይደርሳል፣ ደግሞ ያስላል። ደንግጣ ነዳጅ ልትረግጥ እግሯን ሰደደች።

«ተይ፣ አትርገጪ!» አለ ወንዳፈረው ከበሩ ላይ። «ነዳጅ ስትሰጫት ይብስባታል። ሦስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ታገሻት፣ ይለቃታል።»

ኃይለኢየሱስ እሰይ ሊል ይገባው ነበር፤ የሚስቱን ፊት ሲያይ ግን አንጀቱ ተንሰፈሰፈ።

ሰብሌ እጇን ከመሪው ሳታነሳ ወደ ወንድሟ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ሦስት ደቂቃ መሆኑን በምን አወቅህ?»