ሥጋ የማይገባበት ቤት

ወንድዬ በሬ ገዝቶ መጣ። የአረጋውያን ቤታችን ሃያ አምስት ዓመት ሞላው ብሎ፣ እንግዳ ጠርቶ፣ ቀንዱ ላይ ቀይ ሪባን የታሰረለት ሰንጋ በዋናው በር አስገባ። እኔ አማረች፣ ዕድሜዬን አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ የጨረስኩ፣ በቀላሉ የማልደነግጥ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

እዚህ ቤት ሥጋ አይገባም። በፋሲካም አይገባ፣ በገናም አይገባ። ቅቤና ዕንቁላል አለ፣ ሥጋ የለም። ወንድዬ የኮሚቴው ሊቀመንበር ከሆነ ገና ዓመቱ ቢሆንም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ስንነግረው "እሱ ድሮ ቀረ" አለን።

ድሮ የሚለው ይኸውላችሁ። የሰንበቴ ማኅበራችን ደብሩ ደጅ ለሚያድሩ ሽማግሌዎች ዳቦና ጠላ ያወጣ ነበር። አንድ ክረምት ከመካከላቸው አንዱ ዝናብ ላይ ሞቶ አደረ። እትዬ የሺሐረግ፣ የባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ፣ ዳቦ ሰጥቶ ጭቃ ላይ ማስተኛት ምን የሚሉት ጽድቅ ነው ብለው ማኅበሩን አፋጠጡና የገዛ ግቢያቸውን ሰጡ። ድንጋዩንና ቆርቆሮውን በነጻ ያመላለሱልን የወሎው ሰው ጋሽ ሙሀመድሁሴን ናቸው፤ ያኔ ቃሊቲ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። ጣሪያው የተመታ ዕለት እትዬ የሺሐረግ ከደስታቸው ብዛት በግ አሳርደው ሁሉን አበሉ። ቆርቆሮውን ያመጡት ሰው ግን ሙስሊም ናቸውና ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። ጥግ ይዘው ውሃ ጠጡ። እትዬ የሺሐረግ ያን ሲያዩ ከማፈራቸው የተነሳ አለቀሱ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት አንዱ በልቶ አንዱ የሚያይበት ነገር አይሠራም አሉ፤ አልተሠራምም።

ዛሬ ጋሽ ሙሀመድሁሴን አርጅተው ከእኛው ጋር ይኖራሉ። ወንድዬ ለእሳቸው በረንዳ ላይ ለብቻቸው ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል፣ ሽሮም ተሠርቶላቸዋል ሲለን ትንሽ እንኳ አላፈረም። በገዛ ቆርቆሯቸው ሥር! እሳቸው እሺ ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ተከትዬ ብገባ ብርድ ልብሳቸውን እየጠቀለሉ ነው።

"ሳሪስ የእህቴ ልጅ ፈውዚያ አለች" አሉኝ። "እንግዳ ከሆንኩ እዚያው ልሁን። በዓላችሁን አታበላሹ፤ ምሳ በልቼ እሄዳለሁ።"

ምሳ ቀረበ። እንግዶቹ ስልካቸውን ደቅነው ሲቀርጹ ወንድዬ ከጥብሱ ጠቅልሎ ለመሥራቿ ለእትዬ የሺሐረግ ሊያጎርስ ጎንበስ አለ። ፊታቸውን አዞሩበት።

"ጾም ነኝ" አሉ።

ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ጾም እንደሌለ ሕፃን ያውቃል። ወንድዬ ሳቅ ለማለት ሞከረ።

"እትዬ፣ ሃምሳ ውስጥ እኮ ነን። ጾም የለም።"

"ለእናንተ የለም ይሆናል። እኔ ይህ ጣሪያ ከተመታ ጀምሮ ጾም ላይ ነኝ።"

ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና ወደ በረንዳው አመሩ። እኔም ጾመኛ ነኝ ብዬ ተከተልኩ፤ አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ከኋላዬ ወንበሮች ሲንኳኩ ሰማሁ፣ የቤቱ ነዋሪ ሁሉ እየተነሣ ነው። በየፋሲካው ሥጋ እንዳማረኝ ልሞት ነው እያለ የሚያማርረው፣ አብሮን የሚኖረው አሻግሬ ጥብሱን አየና ምራቁን ዋጠ። እሱም መጣ።

የበረንዳው ጠረጴዛ ለአንድ ሰው የተዘጋጀ ስለሆነ ያንኑ ሽሮ ተካፍለን ሰሐናችንን ጭናችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ጋሽ ሙሀመድሁሴን ጥቅላቸውን እግራቸው ሥር እንዳስቀመጡ ግራ ተጋብተው አዩን። አዳራሹ ውስጥ ወንድዬና እንግዶቹ ብቻ ከጥብሳቸው ጋር ቀርተዋል።

"ሙሀመድሁሴን" አሉ እትዬ የሺሐረግ፣ "ያን ብርድ ልብስ አልጋህ ላይ መልሰህ ና። እስክትመለስ አንጀምርም።"

ሽሮው ቀዝቅዞ ነው የበላነው።