የተዘለለችው ጥርስ

መምህርቷ ወደ ሌላ ሐኪም የሄደችው ወንድሟ ለስብሰባ ከከተማ ስለወጣ ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሟ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ቤቱ ሐኪም ያለው ሰው ደግሞ የባዳ ደጅ አይጠናም። ግን ጉንጯ አብጦ አደረ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቿም “ቲቸር፣ ከረሜላ ነው?” አሏት። ጥርሷን ነክሳ እንዳትጠብቀው፣ የቸገራት መንከሱ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝታ መብራቱን ካስተካከለች በኋላ በቀኝ በኩል ከታች ያለውን ቆብ የለበሰ መንጋጋ በመስታወቷ አየችው።

“ይሄ ሥሩ ታክሟል አይደል?”

“አዎ፣ ከርሟል። ነርቩን አውጥቶ፣ አጥቦ ደፈነውና ቆብ አለበሰው። ወንድሜ ነው የሠራልኝ፤ እጁ ወርቅ ነው።”

“ከዚያ በኋላስ አሞዎት ያውቃል?”

መምህርቷ አፈረች። “እኔ እንኳ ትንሹን ነገር አበዛለሁ። ቤት ውስጥ ‘እህህ’ ነው የሚሉኝ።”

ስሙን ያወጣላት ወንድሟ ነው። ቤተሰቡ ለምሳ ሲሰበሰብ እሷ በግራ በኩል ብቻ ስታኝክ ያያትና “እህህ መጣች፣ ለስላሳ ለስላሳውን ወደሷ ግፉላት” ይላል። እናቷ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ጥርስ ባዳ ነውና እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ሐኪሟ ጥጥ በሚያቀዘቅዝ ነገር ነክራ በየጥርሱ ላይ እያሳረፈች “ሲሰማዎት እጅዎን ያንሱ” አለቻት። ሌሎቹ ላይ እጇን አነሳች። ቆብ በለበሰው ላይ ምንም አልተሰማትም።

“የሚጠበቅ ነው። ነርቩ ስለወጣ ጥርሱ ሙት ነው።”

“ሙት ከሆነ ታዲያ ምኑ ነው የሚያመኝ?”

“የሚያምዎት ጥርሱ አይደለም። ጥርሱ የተተከለበት አጥንት በሕይወት አለ። አሁን ደግሞ በቀስታ እመታዋለሁ።”

በመስታወቱ እጀታ ከዳር ጀምራ አንድ በአንድ አንኳኳች። ሁለቱ ደህና ነበሩ። ቆብ የለበሰው ላይ ስትደርስ መምህርቷ ከወንበሩ ተነስታ የሐኪሟን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

“ይቅርታ። ወንድምዎ ሲመቱትም እንዲህ ነበር?”

“እሱ እንኳን…” ብላ ጀመረች።

ወንድሟም ይመታ ነበር። በሄደች ቁጥር ይመታል። የፊተኛዋን ያንኳኳል፣ የኋለኛዋን ያንኳኳል፤ ይህቺን ግን ነክቷት አያውቅም። እንዳያሳምመኝ ብሎ ነው፣ አንጀቱ አልችል ብሎ ነው እያለች በልቧ ታመሰግነው ነበር።

ሐኪሟ ትንሽ ጠፍጣፋ ነገር አፏ ውስጥ አስይዛ ራጅ አነሳቻትና ስክሪኑን አዞረችላት። ከጥርሱ ሁለት ሥሮች በአንደኛው ውስጥ ነጭ መስመር እስከ ጫፍ ይወርዳል። በሌላኛው ግን መስመሩ መሃል ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች እንደ ቡሎን የተጠማዘዘ ቀጭን ነገር ቦግ ብሎ ይታያል። ከሥሩ ጫፍ ላይ ምስር የሚያህል ጥቁር ጥላ አለ።

“ይሄ የሚያበራው ምንድን ነው?”

“ሥሩ የሚታጠብበት መርፌ ነው። ጫፉ ተሰብሮ ቀርቷል። ከሱ በታች ያለው ስላልታጠበ ቁስለቱ አጥንቱን በልቶታል። ጥቁሩ እሱ ነው።”

“ወንድሜ ሳያየው ቀርቶ ይሆናል።”

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። “መርፌ በማንም እጅ ይሰበራል፤ በኔም ተሰብሯል። ሲሰበር ግን እጅ ያውቃል።” ከዚህ በላይ ስለ ወንድሟ አልተናገረችም። ቆቡን አንስታ በመርፌው ጎን ለማለፍና የታችኛውን ለማጠብ እንደምትሞክር፣ ካልሆነ ጥርሱ እንደሚነቀል አስረዳቻት። “መርፌው ስንት ቁጥር እንደሆነና የት ድረስ እንዳጠቡ ባውቅ ይጠቅመኛል። ወንድምዎ ቢደውሉልኝ።”

መምህርቷ ታክሲ ውስጥ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። የማያውቅ ሐኪም ጥርሱን ይመታዋል። የሚጠራጠርም ይመታዋል። የሚዘለው የሚያውቅ ነው።

ወንድሟ ሲመለስ ቤቱ ሄደች። እናታቸው የሚኖሩት ከሱ ጋር ነው፤ ሳሎን አብረው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

“ወንድም ጋሼ፣ መርፌው ስንት ቁጥር ነው?”

“የምን መርፌ?” አላለም። መጀመሪያ ያየው እናቱን ነበር።

“በቃ ተይው፣” አሉ እናትየው። “ሰው ነው፣ እጁ ሳተ። ሆድ ይፍጀው ያልኩት እኔ ነኝ። ብትሰማ ታወራለች፣ የልጄ ስም ይጠፋል ብዬ ነው።”

“እማ፣ እያወቅሽ ነው ስትስቂብኝ የኖርሽው?”

እናቷ ሻሻቸውን አስተካከሉ። “ሳቅ ምን ይጎዳል ልጄ።”

“የዚያኑ ዕለት ልነግርሽ ነበር፣” አለ ወንድሟ። “ከወንበሩ ስትነሺ እጄን ሳምሽኝ። ውጭ ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ ‘ቅንጣት አላመመኝም’ እያልሽ ታወሪ ጀመር። በዚያ ላይ ምን ልበል? ነገ እነግራታለሁ አልኩ።”

“ነገም መጣሁ እኮ። ከነገ ወዲያም መጣሁ። ‘ንጹህ ነው፣ የሚያምሽ ሐሳብሽ ነው’ አልከኝ።”

ወንድሟ “ቅዳሜ ሰው በሌለበት ነይና እኔው ልንቀልልሽ። አንቺም ታርፊያለሽ፣ ነገሩም እዚሁ ይቀራል፣” አለ።

“ይኸው፤ ከዚህ በላይ ምን ይበል?” አሉ እናቷ።

መምህርቷ እሺ ልትል ምንም አልቀራትም። ጥርሱስ ይነቀል፤ ወንድሟን ግን ማጣት አልፈለገችም። “ልትነቅልልኝ አያስፈልግም፣” አለችው። “ለሐኪሟ ደውልና የሆነውን እንደሆነው ንገራት። ከነገርካት በቂዬ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ አልልም።”

ቁጥሩን ሰጠችው። ደወለ። ድምፁ ወዲያው የሥራ ድምፅ ሆነ።

“ዶክተር፣ ስለ አንዲት ታካሚዬ ነበር።” እህቴ አላለም። የመርፌውን ቁጥርና እስከ የት እንዳጠበ አንድም ሳያጓድል ተናገረ። ትከሻዋ ቀለል ሲላት ተሰማት። እሱ ግን ቀጠለ። “አዎ፣ በጊዜው ነግሬያታለሁ እንጂ። ክትትሉን አቋርጣ ጠፋችብኝ። እንግዲህ የታካሚ ነገር ያውቁት የለ።”

እናትየው ምንጣፉን ያዩ ጀመር።

መምህርቷ እጇን ዘረጋች። ሐኪሟን ልታመሰግን የፈለገች መስሎት ስልኩን አቀበላት።

“ዶክተር፣ እኔ ነኝ። አልነገረኝም። አቋርጬም አላውቅም።” ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከኋላ ወንበር ላለ ተማሪ እንዲሰማ ሆኖ ወጣ። “ሰኞ እመጣለሁ።”

ስልኩን በእጁ አልመለሰችለትም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እናቷ ቀድመዋት ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ።

“ወንድምሽ እኮ ነው፣” አሏት።

“ለሐኪሟ እንደዚያ አላላትም፣” አለችና በጎናቸው አልፋ ወጣች።